የፎቶው ጀርባ፤ ለወጣት የፎቶ ጋዜጠኞች የተጻፈ ደብዳቤ

ለሙያ ልጆቼ፣

በዚህ ዓመት ከእናንተ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ አንደኛው የትኛውን ካሜራ መግዛት እንደሚሻል፣ ሁለተኛው ከአገሩ የወጣ ሰው በፎቶ ጋዜጠኝነት እንጀራ ሊበላ ይችል እንደሆነ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ይበቃችኋል። እኔ የጋዜጣ ሥራ የለመድኩት በምሥራቅ ጀርመን ፕራክቲካ ካሜራና ኦርዎ በሚባል ፊልም ነው፤ ፊልሙም ተቆጥሮ ይሰጠን ስለነበር አንዱን ጥቅል ለሳምንት እናብቃቃው ነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን በአንድ መስመር ልመልሰው አልቻልኩም። እንጀራውስ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሥራ ጋር ተዳብሎ ቢሆንም እኔ ከ30 ዓመት በላይ ኖሬበታለሁ። የሚከብደው ሌላ ነገር እንደሆነ የገባኝ ግን ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ይህን እጽፋለሁ።

በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ስድስት የጫማ ካርቶን ሙሉ ኔጋቲቭና የታተመ ፎቶ አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጥቂት ጥቂት እያወጣሁ አያለሁ። በሦስቱ ካርቶኖች ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ስገለብጣቸው ጀርባቸው ባዶ ነው። ሰው አለ፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው፤ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የት ቆሞ እንደነበረ፣ መቼ እንደተነሳ የምትናገር አንዲት ቃል ግን የለችም። በአገሩ የሚኖር ፎቶ አንሺ እንዲህ ያለውን ጉድለት ኋላ ሊሞላው ይችላል፤ ወደ ቦታው ተመልሶ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ያስታውሰዋል፣ የሰውየው ልጅ መንገድ ላይ ያገኘዋል። የተሰደደ ሰው ግን መመለሻ መንገዱ ስለሚቆረጥ፣ በሰዓቱ ያልጻፈው ነገር እንደወጣ ይቀራል።

የስደተኛ ፎቶ ጋዜጠኛ ሕይወት ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው አልፍሬድ አይዘንስታትን ነው። በ1898፣ ዛሬ በፖላንድ፣ ያኔ ግን በጀርመን ግዛት ሥር በነበረችው ዲርሻው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገው በርሊን ነው። (እዚህ ላይ ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ይህን ለይቼ የምናገርበትን ምክንያት ኋላ ታገኙታላችሁ።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ እግሮቹን ቆሰለ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የቀበቶና የልብስ ቁልፍ ሻጭ ሆኖ ኖረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ የሸጠው በ1927 ነው፤ ቴኒስ የምትጫወት ሴት ፎቶ ነበር። የንግድ ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለካሜራ የሰጠው በ1929፣ 30 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። «ዘግይቻለሁ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ይህንን ልብ በሉ።

በ1935 ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ አይዘንስታት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እዚህ ካነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ በዓለም የታወቀው ፊት የሌለበት ነው፤ ጭቃ የደረቀባቸው፣ ቆዳቸው የተሰነጣጠቀ ሁለት ባዶ እግሮች ብቻ ይታያሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሂትለር የነገሠበትን አገር ትቶ ኒው ዮርክ ገባ። በ1936 ላይፍ መጽሔት ሲመሠረት ከአራቱ የመጀመሪያ ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆነ፤ ለመጽሔቱ ከ2,000 የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል፣ 90 ያህል ፎቶዎቹም ሽፋን ላይ ወጥተዋል። በ1995፣ በ96 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ካሜራውን አላስቀመጠም ማለት ይቻላል፤ በ1993 እንኳ የፕሬዚዳንት ክሊንተንን ቤተሰብ አንስቷል።

የእግሮቹን ፎቶ መጀመሪያ ያየሁት ዋሽንግተን ውስጥ ባንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ነው። ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር፤ መጽሐፉን ገልጬ ቆሜ ቀረሁ። አያቴ ማይጨው ዘምተው የተመለሱ ሰው ነበሩ፤ እኔ የደረስኩባቸው በእርጅናቸው ሲሆን፣ ማታ ማታ እግራቸውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ያ ተረከዝ የአያቴ ተረከዝ መሰለኝ። በባዶ እግሩ ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋዝ ጋር የገጠመ ሠራዊት ታሪክ በዚያ ባንዲት ክፈፍ ውስጥ አለ፤ ይህን ፎቶ ያላደነቀ ሰው ስለ ሙያው ብዙ የሚቀረው ይመስለኛል። ከሥሩ የተጻፈውን ሳነብ ግን «የኢትዮጵያዊ ወታደር እግሮች» ይላል፤ ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ። ወታደሩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው አገር እንደዘመተ፣ በማን ጦር ውስጥ እንደነበረ አይናገርም። እግሮቹን ዓለም ሁሉ አውቋቸዋል፤ ሰውየው ግን እንደተሸፈነ ቀርቷል።

አይዘንስታት ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ ያነሳው ሌላው ስመ ጥር ፎቶም በዚሁ ጉድለት ነው የሚታወቀው። ኦገስት 14 ቀን 1945፣ ጃፓን እጅ መስጠቷ በተሰማበት ቀን፣ በኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ አንድ መርከበኛ ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት አቅፎ ሲስም አራት ጊዜ አነሳው፤ ሰው ይተራመስ ስለነበር የሁለቱንም ስም አልያዘም። መጽሔቱ በ1980 «እኔ ነኝ የምትሉ ቅረቡ» ብሎ ሲጠይቅ ከ10 የሚበልጡ ወንዶችና ከአንድ በላይ ሴቶች መጡ። ክርክሩ አሥርተ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት ሴትዮዋ ግሬታ ዚመር ፍሪድማን እንደነበሩ ነው። ዓለም በነጭ ልብሳቸው ምክንያት «ነርሷ» ሲላቸው ኖረ፤ እሳቸው ግን የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበሩ፤ መሳሙም በፈቃዳቸው የሆነ ነገር እንዳልነበረ ኋላ በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ግሬታ ከኦስትሪያ የናዚን አገዛዝ ሸሽተው የመጡ አይሁዳዊት ነበሩ፤ እናትና አባታቸውም በዚያው እልቂት ጠፍተዋል። ከአንድ እሳት ያመለጡ ሁለት ስደተኞች፣ አንዱ ካሜራ ይዞ፣ አንዷ በካሜራው ፊት፣ ባንድ አደባባይ ላይ በጥቂት ክንድ ርቀት ተገናኙና ስም ሳይጠያየቁ ተላለፉ። «ስምሽ ማን ነው?» ቢላት ኖሮ በአነጋገሯ ብቻ ከየት እንደመጣች ያውቅ ነበር።

ይህን የምለው ታላቁን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። እኔ የሠራሁት ከእሱ የባሰ ነው፤ እሱ ቢያንስ የወታደሩን ቋንቋ አያውቅም ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ጌጥ ገና ከአዲስ አበባ አደባባዮች ሳይነሳ፣ ወደ ወሎ ተላክሁ። ለሳምንታት ሰልፍና መድረክ ሳነሳ ቆይቼ ኮረም ስደርስ ያየሁትን እዚህ አልዘረዝረውም። በዚያው ወር ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ የዘገበው ፊልም በቢቢሲ ተላልፎ፣ ዓለም ስለ ኮረም የሰማው በዚያ ነው። እኔም በዚያ ሜዳ ነበርኩ፤ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ግን አልወጡም። የኮረም ንጋት እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ ልጅ ያቀፈች አንዲት እናት አጠገብ ተንበርክኬ ሦስት አራት ጊዜ አነሳኋት። ስጨርስ ያየሁት ፊቷን ሳይሆን እጇን ነው፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ልጁ ጆሮ ስትስብ። ከዚያ ቀና ብላ «የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። የአባቴን ስም ነገርኳት፤ አያቴ ከየት እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ እሱንም ነገርኳት። «እግዜር ያሳድግህ» አለችኝ። ተነስቼ ሄድኩ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና እሷ ጠየቀችኝ፤ እኔ፣ ለመጠየቅ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው፣ አልጠየቅኳትም።

ለምን እንዳልጠየቅኳት ብዙ አስቤበታለሁ፤ ምክንያቱን ብነግራችሁ ይጠቅማችኋል። መጀመሪያ ሙያውን የተማርኩት በልጅነቴ ፒያሳ ባንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። አገራችን ለፎቶ ሥራ የስደተኞች ባለ ዕዳ ናት፤ ከኦቶማን ግዛት የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በቤተ መንግሥት ሠርተዋል። የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ወግ ደግሞ ደብተር መያዝ ነው። ጌታዬ የምላቸው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ኔጋቲቭ ያለ ቁጥር አያስቀምጡም ነበር፤ በደብተሩ ላይ ቁጥሩ፣ የደንበኛው ስም እስከ አያት፣ ሰፈሩ፣ ቀኑና ቀብዱ ይሰፍራል። አንድ ቀን ሳልጽፍ ብቀር ምሳ አልበላም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ያ ደብተር አደጋ ሆነ። አንድ ምሽት ፈታሾች መጥተው ወሰዱት፤ ከደብተሩ ስማቸው ከተነበበ ወጣቶች መካከል ሁለቱን ዳግመኛ አላየናቸውም። ከዚያ ወዲህ ፊት ሳነሳ ስም አልጽፍም። ቀስ በቀስ ደግሞ መጠየቁንም ተውኩት። ኮረም ስደርስ ፍርሃቱ ልማድ ሆኖ ነበር፤ ረሃብተኛን ማንም ከደብተር ላይ ፈልጎ እንደማይይዘው እያወቅሁ እንኳ እጄ ወደ ብዕሬ አልሄደም።

በ1979 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። በጋቢዬ ውስጥ ጠቅልዬ የያዝኩት 40 የሚሆን የኔጋቲቭ ቁራጭ ነው፤ የቀረውን ለእናቴ ትቼላት ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ በስልክ የነገረችኝ ይህንን ነው፤ እኔን ፈልገው ወደ ቤት እንደሚመጡ ስትሰማ ኔጋቲቮቹን እየመዘዘች ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻቸው፤ ፊት ያለበትን ሁሉ ለይታ በከሰል ምድጃ አቃጠለች። ተራራውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ከሩቅ የተነሳውን ገበያ አስቀረችልኝ። «ሰው እንዳይያዝብህ ብዬ ነው» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ፎቶ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከኔ በተሻለ ታውቅ ነበር። የተረፈው በ1980ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ፣ እሷ ካረፈች በኋላ፣ በመንገደኛ ተልኮ ደረሰኝ። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም።

ካርቱም ላይ ካሜራዬን ሸጬ በላሁ። አሜሪካ በ1981 ዓ.ም. ስገባ መጀመሪያ የሠራሁት እንደ ብዙዎቻችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ ሌሊት ገንዘብ ተቀባይ፣ ቀን ተኝቶ አዳሪ። ያገለገለ ኒኮን ገዝቼ ሠርግና ክርስትና ማንሳት ጀመርኩ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ከአገር ሲወጡና ወገኖቻችን በዋሽንግተን መንገዶች ላይ ሲወጡ ያነሳኋቸው ፎቶዎች የአንድ ፎቶ ድርጅት ዓይን ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያውን ውል ስፈርም ደስታዬ ከእንግሊዝኛዬ ይበልጥ ነበር። ለሰባት ዓመት ያነሳሁት ሁሉ፣ ሳላስበው፣ ንብረትነቱ የእነሱ ሆነ፤ ዛሬም ከነዚያ ፎቶዎች አንዱን ለልጄ ሠርግ ላሳትም ብል መክፈል አለብኝ። የጦርነት ፎቶ አንሺው ሮበርት ካፓና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1947 ማግነም የተባለውን የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ሲመሠርቱ ዋናው ሐሳባቸው የፎቶው መብት ከፎቶ አንሺው እጅ እንዳይወጣ ነበር፤ ካፓ ራሱ ከሃንጋሪ ወደ በርሊን፣ ከበርሊን ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ስለሆነ፣ አገር የሌለው ሰው ከሥራው ሌላ የሚይዘው ርስት እንደሌለ በደንብ ያውቅ ነበር። የማይገባችሁን ውል አትፈርሙ፤ ለሚገባው ሰው አስነብቡ፣ ሥራው ቢያመልጣችሁም ይሁን።

ሌላም ነገር ይገጥማችኋል። በውጭ አገር ያሉ አዘጋጆች ስልክ የሚደውሉላችሁ ባብዛኛው አገራችሁ ውስጥ ረሃብ ወይም ጦርነት ሲነሳ ነው። ሂዱ፣ ሥራውን ከማንም በተሻለ ሥሩት፤ እናንተ መንገዱንም ቋንቋውንም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን በቀረው ጊዜ ማንም ሳያዛችሁ የጠጅ ቤቱን፣ የዕቁቡን፣ የታክሲ ተራውን፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ እሑድ ጠዋት ነጠላ ለብሰው ከመኪና የሚወርዱትን እናቶች አንሱ። ከነዚያ ስድስት ካርቶኖች ውስጥ ዛሬ ሰዎች እየመጡ የሚለምኑኝ ባብዛኛው እነዚህን ነው።

አሁን ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ልናገር። ኔጋቲቮቼን ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የቤተ መዛግብት ክፍል ቅጂ ስሰጥ፣ በከረጢቶቹ ላይ ጥቂት የጻፍኩባቸው ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ «ጥቅምት 1977» ይላል። መዝጋቢዋ የአማርኛ ወር ስም ትርጉም ፈልጋ አግኝታ በትጋት «ኦክቶበር 1977» ብላ አሰፈረችው። በፈረንጁ ኦክቶበር 1977 አገራችን በኦጋዴን ከሶማሊያ ጋር ትዋጋ ነበር፤ የኮረም ረሃብተኞች የጦርነት ተፈናቃዮች ተብለው በዚያ ርዕስ ሥር ገቡ። ሳላየው ሁለት ዓመት ቆየ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን እኛ ከልጅነት ጀምሮ ስለምናውቅ የምንጽፈው ሁሉ ለሰው የሚገባ ይመስለናል። ሌላ ከረጢት ላይ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብዬ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ሌሊት ሆኖ ተገኘ፣ ፎቶው ላይ ግን ፀሐይ ወጥታለች።

በስሙም ላይ እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ባልና ሚስት ከነልጃቸው ባንድ ፎቶ ስታሰፍሩ ሦስት የተለያየ የአባት ስም ይወጣል፤ አንድ አዘጋጅ «ተሳስተሃል፣ አስተካክለው» ብሎ መልሶልኛል። ባንዱ መዝገብ ውስጥ ደግሞ አንዲትን ሴትዮ በአባቷ ስም ብቻ ጠርተዋት ወንድ መስላለች። ስለዚህ ስም ስትጽፉ መጀመሪያ በፊደል፣ ሰውየው ራሱ እንደሚጽፈው አስቀምጡት፤ በላቲን የምትጽፉት ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ ሁልጊዜም ባንድ ዓይነት አጻጻፍ። የቱ ስም የራስ፣ የቱ የአባት እንደሆነ ለይታችሁ አመልክቱ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የሚለውን ሳትዘሉ ጻፉ። ቀበሌውን ብቻ ሳይሆን ያካባቢው ሰው ቦታውን የሚጠራበትን ስም ጨምሩ፤ የቀበሌ ቁጥር ይቀየራል፣ የዛፉና የወንዙ ስም ይቆያል። ዛሬ ይህ ሁሉ በምስሉ ፋይል ውስጥ ሜታዳታ (ከምስሉ ጋር ተያይዞ የሚቀመጥ ጽሑፍ) ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ ሆኖም ምስሉን በስልክ መልእክት ስትልኩትና በማኅበራዊ ገጽ ስትለጥፉት ያ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተገፎ እንደሚቀር እወቁ። ወረቀት ደብተር ይኑራችሁ።

ደብተር ምን እንደሚያድን ለማወቅ የካፓን ሣጥኖች ታሪክ ፈልጋችሁ አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1939 ካፓ ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ፣ እሱና ጌርዳ ታሮ፣ እንዲሁም ዳዊት ሲይሙር በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ያነሷቸው ኔጋቲቮች ፓሪስ ቀሩ። ሦስቱም ስደተኞች ነበሩ፤ ታሮ በ1937 እዚያው ስፔን ግንባር ሞታለች። ጀርመኖች ፓሪስን ሊይዙ ሲቃረቡ የጨለማ ክፍሉ ሠራተኛ፣ እሱም ሃንጋሪያዊ ስደተኛ፣ ኔጋቲቮቹን ይዞ በብስክሌት ወደ ቦርዶ ሸሸ። ከዚያ ጠፉ። ከ50 ዓመት በላይ ቆይተው፣ 4,500 የሚሆኑ ኔጋቲቮች ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ተገኝተው በ2007 ኒው ዮርክ ገቡ። ከካርቶን የተሠሩት ሣጥኖች በውስጣቸው በትናንሽ ክፍል የተከፋፈሉ ናቸው፤ ክዳናቸው ላይ ደግሞ በየክፍሉ ምን እንዳለ በእጅ ተጽፏል። ፎቶ አንሺዎቹ ሁሉ ሞተዋል፤ ያ የእጅ ጽሑፍ ባይኖር ተመራማሪዎቹ የማን ሥራ የማን እንደሆነ ለመለየት ምን ያህል በደከሙ ነበር። እኔ ያን ክዳን በፎቶ ሳየው የፒያሳው ጌታዬ ደብተር ትዝ አለኝ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ እናቴን አልረሳሁም። ከእናንተ መካከል አንዷ በቅርቡ ከቤይሩት፣ ሌላው ከሪያድ ጽፋችሁልኛል፤ ከአሠሪ ቤት ያመለጡ እህቶቻችንን ታነሳላችሁ። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ የሆነች ሴት ፊቷና ስሟ አብሮ ቢወጣ ምን እንደሚደርስባት ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስሙን ጠይቁ፣ ጻፉትም፤ ግን ከፎቶው ለይታችሁ አስቀምጡት። በፎቶው ላይ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ደብተር በሌላ ቤት፣ በምታምኑት ሰው እጅ ይቀመጥ። ድንበር ስትሻገሩ ሁለቱን ባንድ ሻንጣ አትያዙ። ለሴትዮዋም ይህንን ንገሯት፤ ስሟን ለምን እንደምትፈልጉት፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ ሊወጣ እንደሚችል። እምቢ ካለች ፎቶውን ተዉት። እኔ በፍርሃት ጊዜ ሁለቱንም ተውኩ፤ መጠየቁንም መጻፉንም። መጻፉን መተው ልክ የነበረበት ዓመት ነበር። መጠየቁን መተው ግን መቼም ልክ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኮረሙን ፎቶ ከሌሎች ጋር በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሰቅዬው ነበር። በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ፊቱ ቆማ ቆየች። ልጅ ሆና ከኮረም ወደ ሱዳን በሰው ትከሻ እንደወጣች፣ እናቷ እዚያ እንደቀረች ነገረችኝ። ከዚያ «ይህች እናት ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ፎቶውን በስልኳ አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከወሎ የመጡ ሁለት ባልቴቶች እቤቴ ይመጣሉ። ቡና እናፈላለን፤ ካርቶኖቹን እናወጣለን። አንዷ እማማ በማጉያ መነጽር የልብሱን ጥልፍ፣ የአንገት ንቅሳቱን፣ የሹሩባውን አሠራር አይተው «ይቺስ የራያ ናት» ይላሉ፤ ሌላዋ ከኋላ የሚታየውን ተራራ አይተው ይከራከሯቸዋል። እስካሁን 11 ፎቶ ላይ ቦታውን፣ ሁለት ፎቶ ላይ ደግሞ ስሙን እስከ አባት አግኝተናል። የኮረሟን እናት ማንም አላወቃትም። በፎቶዋ ጀርባ ላይ ለዓመታት «ስሟ ያልታወቀ» የሚል ጽፌ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ሰርዤ «ጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ኮረም፤ ስሟን አልጠየቅኳትም» ብዬ ጻፍኩበት። ሁለተኛው ካርቶን ገና ግማሽ ላይ ነው።